ዘውግ በምን ይመደብ፣ ሽያጭስ ከየት ይቆጠር? ለደሴና ለኮምቦልቻ መጻሕፍት መደብሮች

መደርደሪያ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ ፒያሳና አራዳ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ የተውጣጡ ጥቂት መጻሕፍት መደብሮች በየሳምንቱ የሸጡትን ደምረው አንድ የጋራ ዝርዝር ሊያወጡ ተስማምተዋል። ሠንጠረዡን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሥራው ገና ሲጀመር ሁለት ነገር መንገድ ዘጋ።

አንደኛው ምደባው ነው። አንዱ መደብር «ታሪክ» ብሎ የደረደረውን ሌላው «ልቦለድ» ውስጥ ያኖረዋል። «ትርጉም» የሚባል መደርደሪያ አለ። «ሥነ ልቦና» የተባለው ውስጥ ከትዳር ምክር እስከ ንግድ ዘዴ ታጭቋል። መንዙማ አንዱ ጋ ከግጥም፣ ሌላው ጋ ከሃይማኖት ጋር ነው። ሁለተኛው ቆጠራው ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣለትን፣ ሌላው እጁ ላይ የቀረውን፣ ሦስተኛው ገንዘቡ የገባለትን ቁጥር ይልካል። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ምንም አይሆኑም።

የውጭውን አሠራር የምታውቁ፣ ለእኛ የሚሆነውን ለይታችሁ ብትነግሩን። የተሳሳተ ዝርዝር አንዴ መስኮት ላይ ከተለጠፈ እምነቱን መመለስ ይከብዳል።

ካታሎገር_ቧንቧውሃ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

መደርደሪያንና የዘውግ ኮድን መጀመሪያ ለዩ። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኮድ ግን ከአንድ በላይ ሊሰጠው ይችላል። መደርደሪያው የሻጩ ነው፤ እንደ ደንበኛው ልማድ ያደራጀው። ኮዱ ግን በሁሉም መደብር አንድ መሆን አለበት፤ ካለዚያ የሚደመር ነገር አይኖርም።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው የምደባ ሥርዓቶች ሦስት ናቸው። ዲዊ የቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዕውቀትን ከ000 እስከ 900 በ10 ይከፍላል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ ነው፤ ቀጥሎ የሚጨመረው አኀዝ ቅርጹን ያሳያል፦ 1 ግጥም፣ 2 ተውኔት፣ 3 ልቦለድ፣ 4 ወግና መጣጥፍ። ስለዚህ የአማርኛ ልቦለድ 892.873 ይሆናል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ዲዊ ለሽያጭ ዝርዝር የማይመቸው ልቦለድን በይዘት ስለማይለይ ነው፤ የፍቅሩም የወንጀሉም 892.873 ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ቢሳክ ነው። የአሜሪካ የመጽሐፍ ንግድ የሚጠቀምበት ሲሆን ኮዱ 3 ፊደልና 6 አኀዝ አለው። ልቦለድ በ«ኤፍአይሲ» ይጀምራል፤ ታሪካዊ ልቦለድ ኤፍአይሲ 014000፣ የፍቅር ልቦለድ ኤፍአይሲ 027000 ነው። ለአንድ መጽሐፍ እስከ ሦስት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ዋናው ነው። ሁለት ደንቦቹን ብትወስዱ ይጠቅማችኋል፦ በአንድ ምድብ ሥር ዝርዝር ኮድ ከተሰጠ «ጠቅላላ» የሚለውን አብሮ አለመስጠት፣ የልጆችን ኮድ ከአዋቂ ኮድ ጋር አለመቀላቀል።

ሦስተኛው ቴማ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የተሠራው ከአንድ አገር ገበያ በላይ እንዲያገለግል ተብሎ ነው። በፊደል የሚታወቁ 20 ዋና ምድቦች አሉት። ከምድቡ ለብቻ ደግሞ የቦታ፣ የቋንቋ፣ የዘመን፣ የትምህርት ደረጃ መግለጫ ይጨመርበታል። ለእናንተ ይህኛው ይሻላል የምለው በእነዚህ መግለጫዎች ምክንያት ነው። ቢሳክ ውስጥ የእኛ ታሪክ «አፍሪካ፣ ምሥራቅ» ላይ ያበቃል፤ ቴማ ግን ቦታውን ለብቻ ስለሚይዘው ርዕሰ ጉዳዩን ሳይነካ «ኢትዮጵያ» ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቴማ ግጥምንና ተውኔትን ልቦለድ ውስጥ አያስገባም። ልቦለድ «ኤፍ» ነው፤ ግጥም «ዲ.ሲ.»፣ ተውኔት «ዲ.ዲ.» ነው። አጭር ልቦለድ «ኤፍ.ዋይ.ቢ.»፣ ታሪካዊ ልቦለድ «ኤፍ.ቪ.» ይሆናል።

«ሥነ ልቦና» ያላችሁትን መደርደሪያ ለመበተን ግን ዲዊ ጥሩ መነጽር ነው። ሳይንሱ 150፣ የራስ ማሻሻያው 158፣ ትዳርና ቤተሰብ 306.8፣ የንግድ አመራር 650። አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ላይ ሲቆጠሩ «ሥነ ልቦና» ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ 158ቱ ነው።

መደርደሪያ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

ጋሼ ካታሎገር፣ እግዜር ይስጥልን። ታሪክና ታሪካዊ ልቦለድ የሚቀላቀልበትንስ በምን እንቁረጠው? ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ሲል ሻጩ ወደ ታሪክ ይወስደዋል።

ካታሎገር_ቧንቧውሃ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡15

ሽፋኑን አትመኑ፤ ሽፋን ማስታወቂያ ነው። መጽሐፉ በገባ ዕለት አራት ቦታ ክፈቱ፦ የርዕስ ገጹን፣ መቅድሙን፣ መሐል ላይ ማንኛውንም ሁለት ገጽ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች። መሐሉ ላይ ንጉሡ ብቻውን ሆኖ ያሰበው ከተጻፈ፣ ወይም ማንም ያልሰማው ንግግር በጥቅስ ከገባ ልቦለድ ነው፤ ሰውየው በእውነት የነገሠ ቢሆንም። መጨረሻ ላይ የምንጭ ዝርዝር ወይም የግርጌ ማስታወሻ ካለና ንግግሩ ከማን እንደተወሰደ ከተነገረ ወደ ታሪክ ያደላል። ደራሲው የራሱን ሕይወት ከጻፈ ደግሞ ታሪክም ፖለቲካም አይደለም፤ ግለ ታሪክ ነው፤ በቢሳክ ቢአይኦ 026000። የቀድሞ ባለ ሥልጣናት መጻሕፍት በአብዛኛው እዚህ ነው የሚገቡት። «ፖለቲካ» ሁለተኛ ኮዳቸው ይሁን።

ዋናው ነገር ኮዱ መጽሐፉ በገባ ዕለት ይሰጥና ይቆለፍ። ሽያጩ ከታወቀ በኋላ ኮድ መቀየር ከተፈቀደ ማንኛውንም መጽሐፍ የፈለጉት ምድብ ላይ አንደኛ ማድረግ ይቻላል። አማዞን ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው የማይገዛበት ጠባብ ንዑስ ምድብ ይመረጥና በጥቂት ቅጂ «አንደኛ» የሚል ምልክት ይገኛል። ስለዚህ በእናንተ ከተማ ስፋት ከ8 ወይም ከ10 ምድብ በላይ አታውጡ። ኮዱ የፈለገውን ያህል ዝርዝር ይሁን፤ የሚለጠፈው ግን ሰፊው ምድብ ይሁን።

ቦርከና_ሒሳብ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡10

ወደ ቆጠራው ልግባ። አንድ መርሕ ብቻ ነው ያለው፦ የሚቆጠረው መጽሐፉ ከመደብር ወጥቶ አንባቢ እጅ ሲገባ ነው። የታተመው አይደለም፤ አከፋፋዩ የላከው አይደለም፤ ሒሳቡ የተወራረደበትም ቀን አይደለም። ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቡክስካን ይህን ሥርዓት ነው የያዘው፤ በየመደብሩ ካሸር ላይ ባርኮዱ ሲነበብ የሚመዘገበውን ይሰበስባል። ከዚያ በፊት በአብዛኛው ሻጮችን ጠይቆ ነበር ደረጃ የሚወጣው፤ ሻጭ ሲጠየቅ ደግሞ በብዛት ያዘዘውን እንጂ በብዛት የተሸጠለትን ሁልጊዜ አያስታውስም።

ካሸር ላይ ስካነር የሌለው መደብር በእጅ ቆጠራ ይሠራል። ቀመሩ፦ የሳምንቱ መነሻ + የገባ − ለአከፋፋይ የተመለሰ − የሳምንቱ መጨረሻ = የወጣ። ለምሳሌ 40 ነበረ፣ 60 ገባ፣ 15 ተመለሰ፣ 52 ቀረ፤ የወጣው 33 ነው። ነገር ግን 33ቱ ሽያጭ ነው ብላችሁ እንዳትልኩ። ደብተሩ 30 ካለ ሦስቱ ወይ ተሰርቀዋል፣ ወይ ለናሙና ተሰጥተዋል፣ ወይ ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ተቀብረዋል። ለዝርዝሩ የሚላከው 30ው ነው። ልዩነቱ ከደብተሩ በላይ ሳይሆን በታች ከሆነ፣ ማለትም ደብተሩ 36 ብሎ መደርደሪያው 33 ካሳየ፣ የገባ ዕቃ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሳምንቱን ከመዝጋታችሁ በፊት የማስረከቢያ ሰነዱን ፈልጉ።

በኮሚሽን የተወሰደ መጽሐፍ ላይ ነው ብዙ መደብር የሚሳሳተው። መጽሐፉ ዛሬ ይሸጥና ከአከፋፋዩ ጋር የሚተሳሰቡት በወሩ መጨረሻ ነው። በመተሳሰቢያው ቀን ከተመዘገበ የአራት ሳምንት ሽያጭ በአንድ ሳምንት ይፈነዳል፤ መጽሐፉም ሳይገባው አንደኛ ይሆናል። ምልክቱ በቀላሉ ይታያል፦ ሦስት ሳምንት 0፣ ከዚያ በድንገት 24።

ቀብድም እንደዚሁ ነው። ገና ላልደረሰ መጽሐፍ ገንዘብ ቢከፈልም የሚቆጠረው መጽሐፉ በተሰጠ ቀን ነው። በስልክ ታዝዞ ወደ ወልድያ በአውቶቡስ የሚላከው ደግሞ ተከፍሎ ለሹፌሩ ሲሰጥ ይቆጠር።

የሐረጎ_ጭነት · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ቦርከና ያለው ትክክል ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ንግድ አንጻር ግን አንድ ጉድጓድ ቀርቷል። ኮምቦልቻ ያሉ አንዳንድ መደብሮች ዕቃ የሚያነሱት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከደሴው መደብር ነው። ደሴው 20 ቅጂ ለኮምቦልቻ በጅምላ ሲሰጥ በደብተሩ ሽያጭ ነው፤ ገንዘብ ገብቶለታል። ኮምቦልቻው ደግሞ 20ውን ለአንባቢ ሲሸጥ እሱም ይመዘግባል። 20 መጽሐፍ 40 ሆነ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን የተሻገረ እያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ማለት ነው።

መፍትሔው በደረሰኙ ላይ የገዢ ዓይነት የሚል አንድ ምልክት መጨመር ነው፦ «አ» ለአንባቢ፣ «ሻ» ለሻጭ፣ «ተ» ለተቋም። ለዝርዝሩ የሚደመረው «አ» ብቻ ነው። «ሻ» ጨርሶ አይቆጠርም። «ተ» ለብቻ ይያዝ።

አዟሪዎችም «ሻ» ውስጥ ናቸው፤ ግን ልዩ ናቸው። ጠዋት 10 መጽሐፍ ይወስዳሉ፣ ማታ ያልተሸጠውን ይመልሳሉ። እነሱ የራሳቸውን ሪፖርት ስለማይልኩ ጨርሶ ከተተዉ የመንገድ ሽያጭ ሁሉ ይጠፋል፤ የመንገዱ ሽያጭ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ጠዋት የወጣውን ሳይሆን ማታ ሲመለሱ ያለውን ልዩነት እንደ «አ» ቁጠሩ። 10 ወስዶ 6 ከመለሰ 4 ነው። ማታ ካልመጣ ቆጠራው እስኪመጣ ይጠብቅ።

የኪራይ መጽሐፍ ሽያጭ አይደለም። አሮጌ መጽሐፍም አይቆጠር፤ ቡክስካንም አዲስ ቅጂ ብቻ ነው የሚቆጥረው።

መደርደሪያ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡35

በጣም ጥሩ። አሁን ትልቁ ጭንቀቴ መለያው ነው። ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ባርኮድ የለውም። ካለውም አንዳንዱ የተሳሳተ ነው። በርዕስ ብቻ ብንሄድስ?

ካታሎገር_ቧንቧውሃ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

በርዕስ ብቻ አይሆንም። ያለው ባለው፣ የሌለው በራሳችሁ ቁጥር ይሂድ።

አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ከ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ 13 አኀዝ ነው። የእኛ አገር መለያ 99944 በመሆኑ ቁጥሩ በ97899944 ይጀምራል። ከ13ቱ 8ቱ በዚህ ያልቃሉ፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ ለአሳታሚና ለመጽሐፍ አንድ ላይ የሚቀሩት 4 አኀዞች ብቻ ናቸው። በዚህ መለያ ሥር ከ10,000 በላይ መጽሐፍ ሊመዘገብ አይችልም ማለት ነው። አሳታሚ ቁጥር ሲያጥረው የቀድሞ መጽሐፉን ቁጥር በአዲሱ ላይ ቢደግመው አይግረማችሁ። ግን ስህተት ነው፤ ሽያጫቸው ይደባለቃል።

ቁጥሩን እንዲህ ፈትሹ። ከመጀመሪያዎቹ 12 አኀዞች አንደኛውን በ1፣ ሁለተኛውን በ3፣ ሦስተኛውን በ1፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ አባዙና ደምሩ። ለማሳያ ብቻ 978999440123ን ብንወስድ፦ 9+21+8+27+9+27+4+12+0+3+2+9 = 131። ቀጣዩ የ10 ብዜት 140 ነው፤ የጎደለው 9 ነው፤ ስለዚህ 13ኛው አኀዝ 9 መሆን አለበት። ድምሩ ራሱ በ10 ከተካፈለ 0 ነው። መጽሐፉ ላይ ሌላ ካለ አንድ አኀዝ ተሳስቷል። ይህ ዘዴ የማይዘው ስህተት አለ፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኀዞች ቦታ ሲለዋወጡና ልዩነታቸው 5 ሲሆን፣ ለምሳሌ 1 እና 6፣ ድምሩ አይዛነፍም። ስለዚህ ማረጋገጫው ቢስማማም ርዕሱን አመሳክሩ።

የቆየ ባለ 10 አኀዝ ቁጥር ሲገጥማችሁ የመጨረሻውን አኀዝ ጣሉ፣ ከፊት 978 ጨምሩ፣ ማረጋገጫውን እንደገና አስሉ። የድሮውን የመጨረሻ አኀዝ እንዳለ መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሁለቱ ስሌት የተለያየ ነው።

ጨርሶ ቁጥር ለሌለው፦ በባርኮድ ሥርዓት ከ200 እስከ 299 የሚጀምሩ 13 አኀዞች ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። ከማንም የዓለም ቁጥር ጋር አይጋጩም። 200 ብላችሁ ጀምሩ፣ 9 አኀዝ ተራ ቁጥር ስጡ፣ ማረጋገጫውን በዚያው ዘዴ አስሉ፣ ተለጣፊ አትሙ። ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት መደብር በየፊናው ከሰጠ ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ቁጥር ይወጣል።

እንደገና ስለ ዕትም። በይዘት ሳይለወጥ ደግሞ የታተመ መጽሐፍ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ተሻሽሎ የተጻፈ ወይም ከስስ ሽፋን ወደ ደረቅ ሽፋን የተቀየረ አዲስ ቁጥር ይገባዋል። ሽፋን ላይ «5ኛ ዕትም» የሚለው የሽያጭ ማስረጃ አይሆንም። አምስት ጊዜ 1,000 ሊሆን ይችላል፤ አምስት ጊዜ 5,000 ሊሆን ይችላል፤ ብዛቱ ካልተጻፈ ማወቂያ የለም።

ሠንጠረዥ_አራዳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

ፋይሉን በኤክሴል ለምትይዙ ከአሁኑ የሚበላሸውን ልንገራችሁ።

የመለያ ቁጥሩን ዓምድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት «ጽሑፍ» አድርጉት። ካለዚያ ኤክሴል 13 አኀዙን 9.79ኢ+12 አድርጎ ያሳጥረዋል። ማሳጠሩ ብቻውን ባልከፋ፤ ፋይሉ በነጠላ ሰረዝ በተከፈለ ጽሑፍ ተቀምጦ ሲላክ ግን ያጠረው ራሱ ነው የሚሄደው። በ97899944 የሚጀምሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ የፊደል ጉዳይ። አንዱ ሻጭ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ሦስት መጽሐፍ ያያል። 11፣ 9 እና 8 የሸጠው መጽሐፍ በድምር 28 ሆኖ ይመራ ነበር፤ ተበትኖ ግን 12 የሸጠው ይቀድመዋል። ስለዚህ ከርዕሱ ጎን የማይታይ የማዛመጃ ዓምድ ይኑር። በዚያ ዓምድ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉም። ያ 35 ልውውጥ ነው። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመር 37። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ሃ ወደ ሀ የሚለው መጨረሻ ላይ ካልመጣ ከሓ እና ከኃ የተለወጠው ሃ ሆኖ ይቀራል። ክፍት ቦታውን፣ ሁለት ነጥቡንና ሰረዙንም አጥፉ፤ «ሥነ ልቦና» እና «ስነልቦና» ያን ጊዜ ይገጥማሉ።

ኤክሴል ቀመርን እስከ 64 ድረስ ማቆላለፍ ስለሚፈቅድ 37ቱ በአንድ ቀመር ይገባሉ፤ ግን አንድ ቅንፍ ከጠፋ ማግኘት ፈተና ነው። የልውውጡን ሠንጠረዥ ለብቻ ገጽ ላይ አድርጋችሁ በማክሮ ማስኬድ ይቀላል። የማዛመጃ ቁልፉ ርዕስ ብቻ አይሁን፦ ርዕስ + የደራሲ ስም + ቅጽ። ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው የተለያዩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ለአንባቢ የሚታየው ርዕስ ግን የርዕስ ገጹ ላይ እንዳለው ፊደሉ ሳይነካ ይቆይ።

የደራሲ ስም ከራስ ስም ይጀምር፤ በውጭ ካታሎግ የአባት ስም ከፊት መጥቶ ታገኙታላችሁ፤ ያንን እንዳለ አትቅዱ፤ አንድ ደራሲ ሁለት ይሆንባችኋል። የኅትመት ዓመትም ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የግድ ይጻፍ፤ ባዶ «2007» የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይደብቃል።

የሰኞገበያ_ኪታብ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። መንዙማው ተረሳ። የወሎ መደብር ያለ መንዙማ አይሆንም። ግጥም ነው ከተባለ ከዘመናዊ ግጥም ጋር ተቀላቅሎ ይቆጠራል፤ ሃይማኖት ነው ከተባለ ከፊቅህና (ከእስልምና ሕግ) ከተፍሲር (ከቁርኣን ማብራሪያ) ጋር። በዚያ ላይ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ። እሱንስ ቋንቋው ምን እንበለው?

ካታሎገር_ቧንቧውሃ · ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡20

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጥያቄዎ እዚህ አገር ላሉ መደብሮች ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነው፤ ሰፋ አድርገን እንየው።

ለመንዙማ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ይመጣል። የመጀመሪያው ለመባል የተዘጋጀ መድበል ነው፤ ነቢዩን ማወደሻ፣ ዱዓ፣ አዝማቹ ተለይቶ የተጻፈ። ይህን የሚገዛው ሰው ሊለው ነው የሚገዛው፤ ዋናው ኮድ እስልምና ይሁን። በዲዊ 297፣ በቴማ «ኪው.አር.ፒ.»። ግጥም ሁለተኛ ኮዱ ይሁን። ሁለተኛው ዓይነት የአንድ ሼህ ግጥሞች ተሰብስበው ከሕይወት ታሪካቸውና ከማብራሪያ ጋር የታተሙበት ነው። እዚህ ገጽ ቁጠሩ፦ ግማሹና ከዚያ በላይ ግጥሙ ከሆነ እንደ መጀመሪያው፤ ሕይወቱ ከበዛ የሕይወት ታሪክ። ሦስተኛው ስለ መንዙማ የተጻፈ ጥናት ነው፤ ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ምሳሌው፣ ስለ አመጣጡ። እሱ ሃይማኖት ውስጥ አይገባም፤ የአማርኛ ግጥም ጥናት ነው፤ 892.871 ላይ 009 ተጨምሮ 892.871009 ይሆናል። ሦስቱም ሽፋናቸው ላይ «መንዙማ» ነው የሚለው። ለዚህ ነው መጽሐፉ ሳይከፈት ኮድ መስጠት የማይቻለው።

ፊደሉን በተመለከተ ቋንቋና ጽሕፈት ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ። በዓጀም የተጻፈው መጽሐፍ ቋንቋው አማርኛ፣ ጽሕፈቱ ዓረብኛ ነው። ለጽሕፈት የዓለም መደበኛ ቁጥር አለ፤ የግዕዝ ፊደል 430፣ የዓረብኛ ፊደል 160። «ቋንቋ፦ ዓረብኛ» ተብሎ ከተመዘገበ መጽሐፉ ከአማርኛ ዝርዝር ይወጣል፤ አማርኛ አንባቢው ደግሞ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ለመልክዕና ለድርሳንም ይኸው ይሠራል፤ ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ከታተመ ሁለቱም ቋንቋ ይመዝገብ።

የሰኞገበያ_ኪታብ · ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡45

ጀዛከላህ ኸይር። ሁለት ዓምድ የተባለው ነገሩን ጨረሰው።

የሐረጎ_ጭነት · ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡30

ስለ «ትርጉም» መደርደሪያ አልተነሳም። በእኔ በኩል ይፍረስ ባይ ነኝ። የተተረጎመ የወንጀል ልቦለድና የተተረጎመ የንግድ መጽሐፍ አንድ ምድብ ሊሆኑ አይችሉም።

ቦርከና_ሒሳብ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡55

መደርደሪያው ለምን ይፈርሳል ወንድሜ? ደንበኛው ገብቶ «ትርጉም ምን መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ለእሱ ያስቀመጠው ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ግን «ከምን ቋንቋ» የሚል ዓምድ ይግባ፤ ዘውጉ እንደ ይዘቱ ይሁን። ከዚያው ቆጠራ የትርጉም ዝርዝር ለብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ያው መጽሐፍ በልቦለዱ ዝርዝርም ይታያል። ጠቅላላ ድምር ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ተርጓሚ ካለው ደግሞ ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ነው፤ ሽያጩ አይደመርም።

የሐረጎ_ጭነት · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡05

በዚህ መልኩ ከሆነ እስማማለሁ።

ሠንጠረዥ_አራዳ · ረቡዕ፣ ማታ 12፡40

ስለ ጅምላ ግዢ። የምረቃ ቀን አንድ ድርጅት 200 ቅጂ በአንዴ ይገዛል። 200ውን እንደ 200 አንባቢ መቁጠር አይገባም፤ ጨርሶ መጣልም ሽያጩን መካድ ነው። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝርዝር የሚያወጣው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የጅምላ ግዢ የተነገረበትን መጽሐፍ ከጎኑ የጩቤ ምልክት ያደርግበታል። እናንተም በአንድ ገዢ ከ10 በላይ የሆነውን «ተ» ውስጥ አስገቡትና ከዝርዝሩ ሥር በአንድ መስመር ጻፉት። በምረቃው አዳራሽ አንድ በአንድ የገዙት ግን አንባቢዎች ናቸው፤ የሸጠው መደብር ከሆነ ይቆጠሩ።

አጋዥ መጻሕፍትን አታስገቡ። መስከረም ላይ ገብተው እስከ ኅዳር ሌላውን ሁሉ ከዝርዝሩ ያባርራሉ። ኒው ዮርክ ታይምስም የመማሪያና የፈተና መዘጋጃ መጻሕፍትን አይቆጥርም። የራስ ማሻሻያና የምክር መጻሕፍትን በ1984 እ.ኤ.አ.፣ የልጆችን በ2000 እ.ኤ.አ. ለብቻ ያወጣውም አንዱ ምድብ ሌላውን ስለዋጠው ነው። ለእኛ ልቦለድ፣ ልቦለድ ያልሆነ፣ የልጆች፣ መንፈሳዊ፣ ምክርና ራስ ማሻሻያ ተብሎ አምስት ዝርዝር ቢወጣ ይበቃል።

መደርደሪያ_ፒያሳ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ወር እንጠቀም ወይስ ሳምንት? ወር ካልን ጳጉሜን ምን እናድርጋት?

ቦርከና_ሒሳብ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡25

ሳምንት። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለሆነች እንደ ወር ከተቆጠረች ሁልጊዜ ዝቅተኛ ትሆናለች፤ ከነሐሴ ጋር ከተደመረች ነሐሴ ያብጣል። ሳምንት ግን ጳጉሜንን ሳያስተውል ያልፋል። እሑድ ማታ ዝጉ። ሰኞ ገበያው ነው፤ የሰኞው ሽያጭ ወደ አዲሱ ሳምንት በሙሉ ይግባ። ሪፖርቱ ሰኞ እኩለ ቀን ድረስ ይላክ። ያልላከ መደብር በግምት አይሞላ፤ «በዚህ ሳምንት የላኩ መደብሮች፦ 4» ተብሎ ከዝርዝሩ በላይ ይጻፍ። 4 መደብር ከላከበት ሳምንት ወደ 6 ከላከበት ሲታለፍ ሽያጭ ያደገ ይመስላል፤ ያደገው ግን የላኪው ቁጥር ነው።

ደረጃውን ብቻ አትለጥፉ፤ ቁጥሩንም ለጥፉ። በእኛ ከተማ አንደኛው 12፣ አራተኛው 11 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ያየ አንባቢ ልዩነቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይገባዋል። እኩል ከሆኑ እኩል ደረጃ ስጡ፤ በፊደል ተራ አታበላልጡ። አንድ መጽሐፍ ዝርዝር ለመግባት ቢያንስ ከ2 መደብር ሽያጭ ይኑረው፤ ያለዚያ ደራሲው የሚያውቀው አንድ ሻጭ ብቻውን ሊያወጣው ይችላል።

የሰኞገበያ_ኪታብ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10

ኮፒውስ? በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የሚመጣው ከእውነተኛው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል።

የሐረጎ_ጭነት · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡50

አይቆጠርም፤ መሸጡም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ካርቶን ሲፈታ ከሁለት የተለያየ ጭነት አንዳንድ ቅጂ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። የኮፒው ሽፋን ላይ ትንንሽ ፊደላት ጠርዛቸው ይደበዝዛል፤ ፎቶግራፉ ይጠቁራል፤ የውስጡ ጽሑፍ ከገጽ ገጽ በትንሹ ይዘማል፤ ጀርባው ሲከፈት ሙጫው ይሰነጠቃል። ባርኮዱን ስካነር ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፤ መስመሮቹ ቀለም ስለሚዋዋሱ። ከአከፋፋዩ የማስረከቢያ ሰነድ ጋር ብዛቱን አመሳክሩ፤ 30 ተቀብሎ 45 የሸጠ መደብር ትርፉ 15 ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

መደርደሪያ_ፒያሳ · ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡30

የመጨረሻ ጥያቄ። አንባቢ ገጽ የጎደለበትን መጽሐፍ ሳምንቱ ከተዘጋ በኋላ ቢመልስ የተለጠፈውን እናስተካክላለን?

ቦርከና_ሒሳብ · ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡50

አብሽር፣ የተለጠፈው አይነካም። በሌላ ቅጂ ከቀየራችሁለት ምንም አይመዘገብ፤ ሽያጩ ያው አንድ ነው፤ ጎደሎው «ለአከፋፋይ የተመለሰ» ውስጥ ይገባል። ገንዘቡን ከመለሳችሁ ግን በመለሳችሁበት ሳምንት −1 ተብሎ ይግባ። የአንድ መጽሐፍ −1 ከአንድ ጭነት ከ3 በላይ ከሆነ የማተሚያው ጥራዝ ችግር ነውና ቀሪውን ካርቶን ሳትሸጡ ገጽ በገጽ ፈትሹ። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ 16 ገጽ ነው።